የእትዬ ከሪማ ግፊት መለኪያ

በየሰፈሩ ማንም ያልሾመው አንድ ሐኪም አለ። ነጭ ጋዋን አይለብስም፣ ወረፋ አያስጠብቅም፤ ደህና ነኝ ብትለውም አይለቅህም። የእኛ፣ የደሴው የቧንቧ ውሃ ሰፈር ሐኪም ክብርት እትዬ ከሪማ ናቸው።

እትዬ ከሪማ ሠላሳ ዓመት ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሠርተው ጡረታ ወጡ። ሌላው ጡረተኛ ጋቢ ሲሸለም እሳቸው በባትሪ የሚሠራ የደም ግፊት መለኪያ ተሸለሙ። ከዚያ ወዲህ ሰፈራችን ሰላም የለውም። መለኪያውን በጥቁር ፌስታል ጠቅልለው ይዞራሉ፤ "አብሽር፣ ክንድህን ብቻ ወዲህ በል" ካሉ በኋላ ማምለጫ የለም።

ለቅሶ ቤት ይለካሉ። ባለፈው ዓመት አንድ ድንኳን ውስጥ አስራ አንድ ለቀስተኛ ለክተው አራቱን በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሰደዱ። ሰርግ ቤት ደግሞ በቀጥታ ወደ ድስቱ ነው የሚሄዱት። ወጥ ሠሪዋ ሱሀይላ ድምፃቸውን ስትሰማ የጨው እቃውን ነጠላዋ ስር ትሸሽጋለች።

"ሱሀይላ፣ ይህን ሙሽራ ልትድሪው ነው ልትቀብሪው?" ይሏታል ቀምሰው።

እኔን ከፒያሳ በባጃጅ ስመጣ ካዩኝ "መምህር ካሳዬ፣ ያንን እግርህን ለማን ልታወርሰው ነው?" ብለው መንገድ ላይ ያዋርዱኛል። የደሴን ዳገት በእግር የወጣ ሰው ልቡ እንደማያረጅ ያምናሉ። ስንት ጊዜ አጥር ለአጥር ተደብቄ እንዳለፍኳቸው እኔና ፈጣሪዬ እናውቃለን።

ዋናው ባላንጣቸው ግን ልብስ ሰፊው ጀማሉዲን ነበር። ጀማሉዲን ግፊት እንዳለበት ተነግሮት፣ ክኒን ተሰጥቶት፣ ሁለት ወር ውጦ ተወው።

"ድኛለሁ እኮ፣ እትዬ! ምንም አይሰማኝም።"

"ያወረደልህ ክኒኑ ነው፣ ጀማሉዲን። ግፊት ደግሞ አንኳኩቶ አይገባም። ወላሂ፣ ስሜትህን አትመን።"

እሱ ይስቃል፤ እኛም አብረን እንስቃለን።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ያሳጠርኩትን ሱሪ ልወስድ ሱቁ በረንዳ ላይ ቆሜያለሁ። ጀማሉዲን መቀሱን ሊያነሳ ግራ እጁን ሰደደ፤ መቀሱ ወደቀ። እንደገና አነሳው፤ እንደገና ወደቀ። ቀና ብሎ ሲያየኝ የአፉ ግራ ጎን ወደ ታች ተንሸራትቷል። ሊናገር ሞከረ፣ ቃሉ ተኮላተፈበት። ሰው ተሰበሰበ።

"ምች ነው! ዳማከሴ ጨምቁለት!" አለ አንዱ። "ውሃ ስጡት!" አለች ሌላዋ፤ ብርጭቆ መጣ።

እትዬ ከሪማ ሰዉን በክርናቸው እየገፉ ገቡ። ብርጭቆውን ከሴትዮዋ እጅ ነጠቁ።

"ምንም እንዳታጠጡት፣ ትን ይለዋል! ጀማሉዲን፣ እየኝ። ፈገግ በል።" ግማሽ ፊቱ ብቻ ፈገግ አለ። "ሁለቱንም እጅህን አንሳ።" ግራው ወደቀ። ወደ እኔ ዞሩ። "ስንት ሰዓት ላይ ጀመረው?"

"አሁን… ሁለት ከሃያ ገደማ።"

"እንዳትረሳት። ይህ ምች አይደለም፣ የጭንቅላቱ ደም ሥር ነው። ፈሪድ! ባጃጅህን አስነሳ!"

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ የጠየቀን የመጀመሪያ ነገር "መቼ ጀመረው?" የሚል ነበር። እትዬ ከሪማ ደቂቃዋን ሳይቀር ነገሩት። ጀማሉዲንን ይዘውት ገቡ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሐኪሙ ወጥቶ፣ ቶሎ ባትመጡ ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር አለን። ጀማሉዲን በዘጠነኛው ቀን ቤቱ ገባ። ግራ እጁ ዛሬም ይዘገያል፣ ግን ይሰፋል፤ ክኒኑንም አንድ ቀን አያሳልፍም።

ያን ዕለት ግን፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ስንጠብቅ፣ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። መለኪያው በእትዬ ከሪማ ክንድ ላይ ታስሮ አይቼ አላውቅም።

"እትዬ፣ እርስዎን ማን ይለካዎታል?"

ፌስታሉን ከእጃቸው ወሰድኩ፤ አልከለከሉኝም። ለካኋቸው፤ መቶ ሰባ ስምንት በመቶ አራት።

"ማሽኑም ደንግጧል" አሉ። "ዛሬ አይቆጠርም።"

በሦስተኛው ቀን ለካኋቸው፤ ያው ነው። በሳምንቱም ያው። ያኔ ነው እውነቱን የነገሩኝ።

"ለራሴ ለክቼ አላውቅም፣ ልጄ። ከፍ ቢልስ? ሰፈሩን የማጽናናው እኔ ነኝ። እኔን ማን ያጽናናኛል?"

ከካርድ ክፍላቸው መስኮት ፊት ለፊት፣ እንደማንኛውም ሰው ተሰልፈው፣ ካርድ አወጡ። ክኒን ታዘዘላቸው። እኔም ሳላስበው ሥራ ያዝኩ። ጠዋት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ በራቸው ላይ ቆሜ "ዋጡ?" እላለሁ። "ዋጥኩ!" ይላሉ ከውስጥ። አላምናቸውም፤ እቃውን ያሳዩኝ እላለሁ። "ይህ መምህር ነዝንዞ ሊገድለኝ ነው" እያሉ ለጎረቤቱ ሁሉ ያማርራሉ።

ባለፈው ቅዳሜ በማለዳ ወደ ኮምቦልቻ መውረድ ነበረብኝና በበራቸው ሳላልፍ ቀረሁ። ሚኒባሱ ቁልቁለቱን ሲጀምር ስልኬ ጮኸ።

"ካሳዬ፣ ክኒኑን ይዤ ተቀምጫለሁ። ዛሬ ሳትጠይቀኝ ልዋጠው?"

"ይዋጡት፣ እትዬ! አሁኑኑ!" ብዬ ጮህኩ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሲውጡ እስክሰማ ስልኩን አልዘጋሁም።

ከጎኔ የተቀመጡት አዛውንት ዘንበል አሉ። "እናትህ ናቸው?"

ላስረዳቸው አሰብኩ፤ ጎረቤት መሆናቸውን፣ አጥር ለአጥር ስሸሻቸው መኖሬን።

"አዎ" አልኳቸው።