ሁለት ቡና በአንድ ሸራ ሥር

እንግዳን ከተማ ማስጎብኘት ከባድ ሥራ ነው። ሰው የሚኖርበትን ከተማ ያውቀዋል እንጂ አይቶት አያውቅም። እስቲ ነገ እንግዳ ቢመጣባችሁ ከቤት ወጥታችሁ መጀመሪያ ወዴት ትታጠፋላችሁ? እኔ ወደ ሱቅ ነው የምታጠፈው፤ ለስኳር ካልሆነ በቀር ማንም የትም አይልከኝምና። በዚያ ላይ ማስጎብኘት መናገር ይጠይቃል። እኔና መናገር ደግሞ ተስማምተን አናውቅም። «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት ማን እንደተረተው ባላውቅም፣ ለእኔ ብሎ እንደተረተው እርግጠኛ ነበርኩ።

እንግዳዬ ማህሌት ናት። አባቴ ወደ ሚዛን ተፈሪ ሳይዛወር በፊት ቱም በምትባል ከተማ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠናል። መምህር ስሜን ሲጠይቀኝ የምትመልሰው እሷ ነበረች። «ቃልኪዳን ነው የምትባለው ቲቸር፤ አፍራ ነው» ትል ነበር። ከዚያ እሷ ቱም ቀረች፤ እኔ ሚዛን መጥቼ ሁለት ዓመት ዝም አልኩ።

አሁን አባቷ ዘጠነኛ ክፍልን ሌላ ከተማ እንድትማር ፈልጓል። ወይ ሚዛን አክስቷ ጋ፣ ወይ ማሻ አጎቷ ጋ። «ሁለቱንም እዪና ራስሽ ምረጪ» አላት። በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ማሻን አይታ መጣች። ሚዛንን ለማየት ቅዳሜና እሁድ ቀርቷታል። አስጎብኚዋ እኔ። ከተማው ካልጣማት አራት ዓመት ሙሉ ስሜን የሚናገርልኝ የለም ማለት ነው። ፍርሃቴን እናንተው ገምቱት።

ቅዳሜ ከጎረቤቴ ከሕሊና ጋር ሦስት ሆነን ባጃጅ ተሳፈርን። አደባባዩን ዞርነው። ባለባጃጁ ተሳፋሪ ሲፈልግ ደግመን ዞርነው። ገበያ ገባን፤ ማህሌት ሙዝ አየች። ሙዝ ቱምም አለ። ዩኒቨርሲቲው ጋ ሄድን፤ እኛ በሩን አየን፣ ዘበኛው እኛን አየን፣ ተመለስን።

«ሌላስ?» አለች ማህሌት።

ሕሊና ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ ባጃጁ አየሁ።

«ነገ ቴሌቪዥን አለ» አለች ሕሊና።

እሁድ ከሰዓት ሕሊና ቤት ተሰበሰብን። በአማርኛ የተተረጎመው የቱርክ ድራማ የመጨረሻ ክፍል ነው፤ የጠፋችው ልጅ ከስንት እንባ በኋላ እናቷን የምታገኝበት ቀን። መብራትም፣ ምን እንደነካው እንጃ፣ አልጠፋም። የሕሊና እናት እትዬ ዘውዴ ዕድር ሄደዋል። እዚያው ግቢ የሚኖሩት ጋሼ ማሞም ዕድር ሄደዋል፤ ለየብቻ። የጋሼ ማሞ ፍየል የእትዬ ዘውዴን ጎመን ከጨረሰች ወዲህ ሁለቱ አይነጋገሩም። ግቢያቸውን መሐል ለመሐል የሚከፍል የድንጋይ መስመር ተደርድሯል። ከመስመሩ ወዲህ የእትዬ ዘውዴ ቡና ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል፤ አንድ በአንድ የተለቀመ፣ ቀይ የበሰለው ብቻ። ከመስመሩ ወዲያ የጋሼ ማሞ፤ አረንጓዴውም፣ ከዛፍ ሥር የረገፈውም፣ እግዜር የሰጠው ሁሉ።

ሚዛን ላይ በጋ የሚባለው ክረምቱ ለምሳ ሲወጣ ነው። በቴሌቪዥኑ ውስጥ ልጅቷ የእናቷን በር ልታንኳኳ እጇን ስታነሳ፣ የእኛ ቆርቆሮ ቀድሞ ተንኳኳ።

እኛ አገር ዝናብ ሲመጣ ቡና ባለቤት የለውም። መንገደኛ እንኳ የማያውቀው ግቢ ገብቶ ሸፍኖ ይሄዳል፤ ምስጋናም አይጠብቅም። ሕሊና ግን ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ መንቀል አቃታት። ማህሌት እንግዳ ናት። በዚህ መሐል አንድ ሰው «ቡናው! ኧረ ቡናው!» ብሎ ሲጮህ ሰማሁ። ድምፁን አላውቀውም። የእኔ ነበር።

ሦስታችንም ወጣን። የተገኘው ሸራ አንድ ነው፤ ቡናው ሁለት።

«ወደ አንድ ሰብስቡት! ሕሊና፣ በዚያ በኩል ግፊ! ማህሌት፣ ዳሩን ያዢ!»

አንዴ የተከፈተ አፍ ለመዝጋት ያስቸግራል። ባንድ አፍታ ጥሩ ክምር ሠርተን፣ ሸራውን አልብሰን፣ ንፋስ እንዳይወስደው ዙሪያውን ድንጋይ ጫንበት። ድንጋዩን ከየት አመጣነው? ከመስመሩ።

ዝናቡ ሲያባራ ባለቤቶቹ መጡ። እትዬ ዘውዴ ሸራውን ገልጠው ዝም አሉ። ጋሼ ማሞም አዩና ዝም አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ።

«ማነው እንዲህ አድርጉ ያላችሁ?» አሉ እትዬ ዘውዴ።

ማህሌት እንደ ልማዷ ልትመልስልኝ አፏን ከፈተች። ቀደምኳት።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ። ሕሊናም ማህሌትም ያልኳቸውን ነው ያደረጉት። ድንጋዩንም ያስነሳሁት እኔ ነኝ።»

«ይቺ ልጅ ትናገራለች እንዴ?» አሉ ጋሼ ማሞ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ዲዳ መስላኝ ሳዝንላት!»

«እንግዲያው ተቀመጪና ልቀሚ» አሉ እትዬ ዘውዴ።

አምስታችንም ክምሩን ከበን ቁጭ አልን። ማህሌት ሳታስበው በሁለቱ መሐል ተቀምጣ ኖሯል።

«ማህሌት፣ ለሰውዬው ንገሪልኝ፤ ቀይ ቀዩ የእኔ ነው።»

«ለሴትዮዋ ንገሪልኝ፤ በእኔም ዛፍ ላይ ቀይ ይበስላል።»

«ንገሪልኝ...»

«ኧረ እባካችሁ ራሳችሁ ተነጋገሩ!» አለች ማህሌት። «እኔ የሰው አፍ መሆን ደከመኝ!»

ከዚያ ጋሼ ማሞ አንዲት ፍሬ አነሱ። «ይቺን ነው ቀይ የምትያት? ዓይንሽ ደክሟል፣ ዘውዴ።»

«ፍየልህን ለማየት አልደከመም!»

መጀመሪያ የሳቁት ጋሼ ማሞ ናቸው። ውስጥ ቴሌቪዥኑ ላይ አንዲት ሴት ስታለቅስ ይሰማል፤ ልጅቷ ትሁን እናትየዋ እስከ ዛሬ አላወቅንም።

ሰኞ ጠዋት ማህሌትን መናኸሪያ ሸኘኋት።

«እና?» አልኳት።

«ማሻ።»

«ከተማችን አልጣመሽም?»

«ቃልዬ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ማሻን ገና ሳየው ወድጄዋለሁ፤ ብርዱን ሳይቀር። ግን ላንቺ ማን ይናገርልሻል ብዬ፣ ሚዛንን ልመርጥ ቆርጬ ነበር የመጣሁት። ትናንት ስትጮኺ ስሰማ...» ሳቀች። «ተገላገልኩ አልኩ።»

የምመልስላት ብዙ ነገር ነበረኝ። መኪናው ተነሳ።

ዝም አይነቅዝም፤ አሁንም እውነት ነው፤ ዝም ቢሉ ነገር ሁሉ ባለበት ይቆያል። እኔ አንድ ቀን ብጮህ የሁለት ጎረቤቶች ኩርፊያ ተፈታ፣ የአንድ ጓደኛ ጓዝ ወደ ማሻ ዞረ። ድንጋዮቹን ማንም ወደ መስመሩ አልመለሳቸውም። ማህሌት እሁድ እሁድ ትደውላለች። ድሮ እሷ ስታወራ እኔ እሰማ ነበር። ባለፈው እሁድ ግን ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?

«ቃልዬ፣ እኔም ላውራ እንጂ!»