ገዳዩ በየትኛው ሽፋን ገባ

ገዳዩ የገባው በወጥ ቤት መስኮት ሳይሆን በጓሮ በር መሆኑን የተረዳነው፣ የወጥ ቤታችንን መስኮት በጡብ ካስደፈንን ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው።

ለዚህ የተመሰገነ ጥንቃቄ ያበቃን፣ በገዛ ቤቷ ስለተገደለች ሚስት የሚተርክ አሮጌ መጽሐፍ ነው። ታሪኩ እውነተኛ ነው። ባለቤቴ እጅ ያለው ባለ ጠንካራ ሽፋኑ ነው፤ እዚያ ላይ ገዳዩ በመስኮት ይገባል። እኛም ደፈንን። ከዚያ ወዲህ በጭስ ታፍነን እናበስላለን። ከመገደል መሳል ይሻላል።

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የዚያኑ መጽሐፍ ባለ ስስ ሽፋን ቅጂ ይዛ መጣች።

«እማዬ፣ እዚህ ላይ በጓሮ በር ነው የሚለው።»

የጓሮ በራችን የሚታሰረው በሲባጎ ነው።

ባለቤቴ የንጽጽር ጉባኤ ከፈተ። ሁለቱን መጻሕፍት በሁለት እጁ መዘነ።

«የኔ ይከብዳል» ሲል ወሰነ።

«አባዬ፣ ይሄኛው እኮ ታርሞ የታተመ ነው።»

«ሐቀኛ ቢሆን ምን ያሳርመዋል?»

የምርምሩ ጥልቀት እስከዚህ ነበር። እኔ ግን ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ አናጢ አስጠርቼ ለጓሮ በሩ ቁልፍ አስገጠምኩ።

«እትዬ፣ ይሄን ቁልፍ እንኳን ሌባ፣ እርስዎም አይከፍቱት» ብሎኝ ሄደ።

ባለቤቴ ተቀየመ። የስሱን ሽፋን ውሸት ሊያጋልጥ እስከ መጨረሻው ገጽ ጮክ ብሎ አነበበልን።

«ይኸው፣ ጭራሽ ማስታወሻ ጨምረውበታል። ‹ከዓመታት በኋላ እንደተረጋገጠው፣ ከውጭ የገባ ሰው አልነበረም። የጓሮውን በር ከውስጥ የከፈተው ...›»

«ጨርሰው እንጂ» አልኩት።

«ባሏ ነው ይላል።»

ልጄ ጣሪያ ጣሪያውን አየች።

«እኔ የማምነው ጠንካራውን ሽፋን ነው» አለ ባለቤቴ። «በመስኮት ነው የገባው።»

«መስኮቱማ ተደፍኗል» አልኩት።

በሃያ ስድስት ዓመት ትዳራችን ዶሮ እንኳ አርዶ አያውቅም። መጽሐፉ ግን የዚያችኛዋም ባል ጨዋ ነበር ይላል፤ በዚህ ነጥብ ሁለቱም ሽፋኖች ይስማማሉ።

ሲመሽ ሳሎን ሶፋው ላይ ብርድ ልብስ አነጠፍኩለት። ለትራስ የሚያምነውን መጽሐፍ ሰጠሁት።

«አንቺ፣ አንገቴን ቆረቆረኝ» አለ። «ስሱን አቀብይኝ።»

«እሱን ገና አልጨረስኩትም» አልኩና የመኝታ ቤቱን በር ከውስጥ ቆለፍኩት።