የተውሶ ቤተ ሙከራ

እኛ ጎንደሮች እንግዳ ይመጣል ከተባልን የሌለንም ነገር አይጠፋም። ብርጭቆው ከጎረቤት፣ ትሪው ከአማት ቤት፣ ወንበሩ ከእድር፣ ሳቁ ደግሞ ከየት እንደሚመጣ እንጃ፣ ብቻ ሁሉም በሰዓቱ ይደርሳል። እንግዳው በልቶ ጠጥቶ፣ «ወይ ቤት! ወይ ሙላት!» እያለ በፊት ለፊት በር ሲወጣ ዕቃው በጓሮ በር ወደየባለቤቱ ይመለሳል። አንዳንድ ሰው ይህን ጉራ ይለዋል። ጉራ አይደለም። ጉራ ያለን ነገር ማጋነን ነው፤ የእኛ ግን የሌለንን ነገር ማሳመር ነውና ሙያ ይጠይቃል። እናንተም ብትሆኑ አትዋሹኝ፤ ቁም ሣጥናችሁ ውስጥ ለእንግዳ ብቻ የሚወጣ አንድ ነገር አይጠፋም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከገበያው ወረድ ብላ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ አባቴ በተቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀምጬ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ሰፈራችን ውስጥ ሁለት ትምህርት ቤቶች አሉ፤ አንዱ የመንግሥት፣ አንዱ የግል፤ በመካከላቸው ያለው አንድ ግንብ ብቻ ነው። የሁለቱንም ልጆች የምለካው በአንድ ሜትር ነው። ትከሻቸው ያው ትከሻ ነው፤ ሁለቱም ሲለኩ ይቁነጠነጣሉ። ጨርቁም ከቀለሙ በቀር ከአንድ ነጋዴ የመጣ ነው። ልዩነቱ የሚጀምረው ዩኒፎርሙ ከሱቄ ከወጣ በኋላ ነው። ማዶ ወደ ግሉ የሚገባው ልጅ የራሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሙሉ ቀን ይማራል። ወዲህ የሚገባው ደግሞ ሦስት ሆኖ ባንድ ዴስክ ተጣብቆ፣ በፈረቃ ተምሮ፣ ቀትር ላይ ወንበሩን ገና ሳይቀዘቅዝ ለከሰዓቶቹ ያስረክባል። የማዶዎቹ ሸሚዝ ሲያረጅ አንገቱ ጋ ነው የሚሳሳው፤ የኛዎቹ ግን ክርናቸው ላይ ይቀደዳል። ጎን ለጎን ሲጽፉ ሲፋተጉ እኮ ነው! ይህን ያህል ዓመት ክርን ስጥፍ ይህን ጥናት ጨርሼዋለሁ፤ የጠየቀኝ ቢሮ የለም እንጂ።

በእኛ ጊዜ የሐኪሙም የተሸካሚውም ልጅ ባንድ ክፍል ይማር ነበር። እኔ ራሴ ከዳኛ ልጅ ጋር ባንድ ዴስክ ነው ያደግሁት፤ እሱ ሒሳብ ያስኮርጀኛል፣ እኔ የተቀደደ ሱሪውን እናቱ ሳታይ እሰፋለታለሁ። ዛሬ አቅም ያለው ሁሉ ግንቡን ተሻግሯል። ጣሪያ ሲያፈስ የሚጮኸው፣ መጽሐፍ ሲዘገይ ቢሮ ሄዶ ጠረጴዛ የሚመታው ወላጅም አብሮ ተሻገረ። እኔም ንጹሕ አይደለሁም፤ ሥራ ደህና በነበረበት ጊዜ የበኩር ልጄን ያስተማርኩት ማዶ ነው። የታናሿ የሐያት ተራ ሲደርስ ኑሮው ወዲህ አስቀረን። በዚሁ ሰበብ የመንግሥት ትምህርት ቤቱ የወላጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆንኩ። ጎበዝ ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ፤ ሱቄ ቅርብ ስለሆነ ነው።

የሐያት የባዮሎጂ መምህርት ትርንጎ ትባላለች። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ስትናገር እጇ የማያርፍ ወጣት ናት። ማይክሮስኮፕን፣ ያንን ለዓይን የማይታየውን አጉልቶ የሚያሳየውን መሣሪያ፣ የምታስተምረው ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ስላ ነው። «ዓይናችሁን እዚህ ታስጠጋላችሁ፤ ይቺን ታዞራላችሁ» ትላለች፤ ሰባ ልጅ በሰሌዳ ላይ ያለውን ጠመኔ አፍጥጦ ያያል። ፈተናው ደግሞ አንድ ነው፤ ማዶ ላለውም ወዲህ ላለውም አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው የሚመጣው። አንድ ቀን የተተረተረ ቀሚሷን ይዛ ሱቄ መጣችና፣ «ጋሽ ኑሩ፣ አንዲት ማይክሮስኮፕ ብቻ! አንዲት! እነዚህ ልጆች አንድ ጊዜ በዓይናቸው አይተው ቢወድቁ እንኳ አይቆጨኝም» አለችኝ። ቀሚሱን በነፃ ሰፋሁላት። ሌላ ምን አቅም አለኝ?

ታዲያ አንድ ቀን ርእሰ መምህሩ አቶ አዳነ ኮሚቴውን በአስቸኳይ ጠሩን። ደብዳቤ ይዘዋል። ቤተ ሙከራ የሚያደራጅ አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ሦስት የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን ጎብኝቶ፣ ለአንዱ ከማይክሮስኮፕ እስከ ብልቃጥ ሙሉ ዕቃ ሊሰጥ ነው፤ ከሦስቱ አንዱ እኛ ነን! አብራን የተጠራችው ትርንጎ እልል አለች። በስብሰባ መሃል እልልታ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፤ ዘበኛው ማን ወለደ ብሎ እየሮጠ መጣ።

አፌን የከፈትኩት ያኔ ነው። ምነው በቀረብኝ!

«ጎበዝ፣ እንግዶቹ ከመምጣታቸው በፊት ቤታችንን እናሰናዳ» አልኩ። «ለልጁ ሽማግሌ ሲመጣ ቤቱን አመድ ነስንሶ የሚቀበል ማን አለ? እንዲህ ያለ ዕቃ የሚሰጠው መያዝ ለሚያውቅ፣ ለሚያከብር ቤት ነው። ሰው መምሰል አለብን!»

ጭብጨባው ቀለጠ። ትርንጎ ብቻ፣ «ጋሽ ኑሩ፣ ካልቸገረን ለምን ይሰጡናል?» አለች። እኔም የሽማግሌ ሳቅ ስቄ፣ «መምህርት፣ አንቺ ገና ልጅ ነሽ» አልኳት። ዛሬ ያንን ሳቅ ባገኘው አንቀው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ግን፣ ወላሂ፣ ሰርግ እንኳ እንዲያ አያምርም! የተሰባበረ ዴስክ የታጎረበት ዕቃ ቤት ተጠርጎ ተለሰነ። ቀለም ቀቢ የሆነ ወላጅ ቀለሙን ችሎ ቀባ። ከእድራችን ወንበር መጣ፤ ጀርባው ላይ የእድሩ ስም በቀይ ተጽፎበታልና እንግዶቹ ለቅሶ የመጡ እንዳይመስላቸው ለያንዳንዱ ልባስ ሰፋሁለት። ሌሊቱን አልተኛሁም፤ በደስታ ነው ያልተኛሁት። ከየቤቱ መጽሐፍ ተሰብስቦ ባዶው መደርደሪያ ሞላ፤ ውስጡ የመኪና ሞተር ጥገና መጽሐፍና ሁለት የምግብ አሠራር መጽሐፍ እንደነበረበት ያወቅነው ኋላ ነው። ዋናው ግን ማይክሮስኮፑ ነበር። የማዶው ትምህርት ቤት ባለቤት ደንበኛዬ ናቸውና ለመንኳቸው፤ ሰውየው ክፉ አይደሉም፣ ተማሪ እጁን እንዳያሳርፍበት አስምለው ሁለት ሰጡን። በግንቡ በኩል በር የለም። ዙሪያውን በመንገድ ብንሄድ ሰው ያየናል ብለን በፍራሽ ልብስ ጠቅልለን በመሰላል አሻገርናቸው። ግንቡ ከተሠራ ጀምሮ ከማዶ ወደ ወዲህ የመጣ የትምህርት መሣሪያ ያ የመጀመሪያው መሰለኝ፤ እስከዚያ ኳስ ብቻ ነበር የሚመጣው።

እንግዶቹ መጡ። አንዲት ማስታወሻ ደብተር የያዘች ሴትዮና አንድ ፎቶ አንሺ። ገቡ፣ አዩ፣ ተደነቁ። መጋረጃው ነፋስ ሲነካው እንኳ የተማረ ይመስል ነበር! ልጆቹ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ማይክሮስኮፖቹን ባንድ እርምጃ ርቀት እንደ ታቦት ከበው ቆሙ። ሴትዮዋ ሐያትን «ቤተ ሙከራችሁን ትወዱታላችሁ?» ብላ ጠየቀቻት። ሐያት የአባቷ ልጅ ናትና «በጣም!» አለች። ደግነቱ ከመቼ ጀምሮ ብላ አልጠየቀቻትም።

ከዚያ ሴትዮዋ ወደ ትርንጎ ዞረችና፣ እርሳሷን አሹላ፣ «መምህርት፣ ምን ይጎድላችኋል?» አለች።

እስቲ እናንተ ፍረዱኝ። ይህ ጥያቄ በእኛ አገር መልሱ አንድ ነው። እንግዳ «ምን ጎደላችሁ?» ካለህ ጦምህን አድረህ እንኳ ቢሆን የምትመልሰው ይታወቃል። ትርንጎ አፏን ከፈተች። ግን እኔ ቀደምኳት።

«ኧረ ምንም! ምን ጎድሎን! ሁሉ ሙሉ ነው፤ አልሐምዱሊላህ!»

አቶ አዳነም «ተመስገን ነው» ብለው አጸኑልኝ። ሴትዮዋ ጻፈች። ትርንጎ አፏን ከደነች።

መልሱ በወሩ መጣ። ደብዳቤው በምስጋና የተንበሸበሸ ነው። ትምህርት ቤታችን የተሟላ ሆኖ ስለተገኘ ለሌሎች ተሞክሮውን የሚያካፍል ሞዴል ሆኖ ተመርጧል፤ ባለ ወርቃማ ጠርዝ የምስክር ወረቀትም ተያይዟል። ቤተ ሙከራው የተሰጠው ከጎንደር ወጣ ብሎ ላለው ለአምባ ጊዮርጊሱ ትምህርት ቤት ነው። የዚያ ርእሰ መምህር፣ አያ ፈንታሁን የሚባሉ አዛውንት፣ እንግዶቹን ቀጥታ ጣሪያው ወደሚያፈሰው ክፍል አስገብተው «እንዲህ ነን፤ ሸጋ አድርጋችሁ እዩት» አሏቸው አሉ። በቃ፤ ሌላ ንግግር የለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ከልጅነቴ ጀምሬ ሰምቻለሁ፤ ለሌሎች ሰዎች የተነገረ ይመስለኝ ነበር። ትርንጎ ምንም አልተናገረችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ አፈርኩ፣ በእውነት አፈርኩ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነው። መንገዱ ሰላም ነው በተባለበት ሰሞን ሌላ ደብዳቤ መጣ፦ የአምባ ጊዮርጊስ መምህራንና ተማሪዎች ቤተ ሙከራ እንዴት እንደሚያዝ ሊማሩ፣ ለተሞክሮ ልውውጥ፣ ወደ ሞዴሉ ትምህርት ቤት ይመጣሉ! ማለትም ወደ እኛ! አቶ አዳነ ላብ በላብ ሆኑ። እኔ ወደ ማዶ ሮጥኩ፤ ባለቤቱ ግን ልጆቻቸው የተግባር ፈተና ላይ ነበሩና ማይክሮስኮፖቹን ሊሰጡን አልቻሉም። ስመለስ ትርንጎ ሱቄ ደጃፍ ላይ ቆማ ስልኳን አውጥታለች።

«አሁን እኔ ልናገር» አለች። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አልኩ።

ለአያ ፈንታሁን ደወለችና ሁሉንም ዘረገፈችው፤ መሰላሉን፣ የወንበሩን ልባስ፣ «ምንም አልጎደለንም» ያልኩትን ጭምር። ድምፁን ከፍ አድርጋው ስለነበር እኔም እሰማለሁ። አዛውንቱ ሳቁ፤ ሳቃቸው ሳል እስኪሆን ሳቁ።

«ምነው ልጄ? ከኛ ተሸሽጋችሁ የት ልትደርሱ ኑሯል? ይዘናት እንመጣለን በይ!»

ይዘዋት መጡ። አያ ፈንታሁን ማይክሮስኮፗን በጋቢያቸው ጠቅልለው፣ ከአምባ ጊዮርጊስ እስከ ጎንደር ጭናቸው ላይ እንዳስቀመጧት ከአውቶቡስ ወረዱ። ትርንጎ ቀይ ሽንኩርት ላጠች፣ ስሱን ቆዳ ገፈፈች፣ አስተካከለች። ከዚያ የእኛም የእነሱም ልጆች ባንድ ሰልፍ ተሰለፉ። እንኳን በእጅህ አትንካ ሊሉ፣ «ንካ! አዙር! ትፈራለህ እንዴ!» የሚሉ ሽማግሌ አጠገባቸው ቆመዋል። ሐያት ዓይኗን አስጠጋችና ጮኸች፤ «አባዬ! ጡብ በጡብ ነው! ሽንኩርት እኮ ቤት ነው!» ከኋላዋ ያለው ሁሉ መገፋፋት ጀመረ። ትርንጎ አንዴ ትስቃለች፣ አንዴ በመዳፏ ጀርባ ዓይኗን ትጠርጋለች። እኔም ተራዬን ጠብቄ ዓይኔን አስጠጋሁ። ያየሁት የገዛ ሽፋሽፍቴን ነው፤ ግን አየሁ አልኩ።

ማታውን እንግዶቻችን ማይክሮስኮፗን ጠቅልለው ተመለሱ። የራሳቸው ልጆች ሰኞ ይፈልጓታላ።

ዓመቱ ሲያልቅ መምህርት ትርንጎ የዝውውር ቅጽ ሞላች። ቅጹን የተቀበለው የትምህርት ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ተሳስታ ገልብጣ የሞላች መስሎት ሁለት ጊዜ መለሰላት አሉ። እውነቱን ነው፤ ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ጎንደር ለመግባት ስንት መምህር ስንት ዓመት ደጅ ይጠናል፤ ከጎንደር ወደ አምባ ጊዮርጊስ ልሂድ ያለ ሰው በመዝገቡ ላይ አይቶ አያውቅም። ትርንጎ ሦስተኛ ጊዜ ያንኑ ጽፋ ሰጠችው። ልሰናበታት ስሄድ ይቅርታ ልጠይቃት ነበር፤ እሷ ቀድማ፣ «ጋሽ ኑሩ፣ ምንም አይደል» አለችኝ። ያቺ «ምንም» ከእኔዋ «ምንም» የከበደች ነበረች።

ያን ዕለት ማምሻውን ሐያት ሱቅ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጣ ክር ስታጠነጥን ቆየችና፣ «አባዬ፣ ተማሪስ ዝውውር መጠየቅ ይችላል?» አለችኝ።

«ወዴት?»

«መምህርት ትርንጎ ወደሄደችበት።»

እንግዳ ብትሆን መልሱን አውቀው ነበር፤ ልጄ ሆና ቸገረችኝ። በመጨረሻ ያገኘሁት ሰበብ አንድ ነው፤ «አምባ ጊዮርጊስ እኮ ብርዱ አይቻልም» አልኳት።

ሐያት ከክሩ ላይ ቀና ብላ አየችኝና፣ «አንተ ልብስ ሰፊ አይደለህ እንዴ?» አለች።