ወረፋ የያዘው ዝገት

ሰው ለጋብቻ ሽማግሌ ሲልክ አንደበቱ የተባ፣ የተከበረና ነጭ ጋቢ የለበሰ መርጦ ነው። ለውሃ ወረፋ ሲልክ ግን ተቃራኒውን ያደርጋል። ከቤቱ ዕቃ ሁሉ የመጨረሻውን ይመርጣል፦ እጀታው የወለቀ ባልዲ፣ ቂጡ የተበሳ ብረት ድስት፣ ዝገት የበላው የዘይት ጣሳ። ምክንያቱን እናንተም ታውቁታላችሁ። ደህና ጀሪካን ወረፋ ላይ ትተውት ቢሄዱ ሲመለሱ አይገኝም። የዛገ ጣሳ ግን ማን ይሰርቃል? ስለዚህ ጣሳው ቆሞ ይውላል፣ ባለቤቱ ገበያ ወጥቶ ይመለሳል፣ ቅዳሴ ያስቀድሳል፣ ደስ ካለውም ይተኛል። የሰው ጣሳ ገፍቶ የራሱን ያስቀደመ ሰው ስሙ እስከ ጎረቤት ከተማ እስከ ጠዳ ይሰማል።

እኔ ሰው ፊት መናገር የምፈራ ልጅ ስለሆንኩ በእነዚህ ጣሳዎች እቀና ነበር። አንድም ቃል ሳይተነፍሱ ተራቸው ይከበርላቸዋል።

ለትምህርት ከእንፍራንዝ መጥቼ የምኖረው አዘዞ፣ አጎቴ ቤት ነው። አጎቴን ሰፈሩ ሁሉ አያ ሞላ ይላቸዋል፤ እኔም እንደ ሰፈሩ። ከአዲ አርቃይ ጎንደር ጭነት ሲያመላልሱ ያረጁ የመኪና ሰው ናቸው። አንድ ጊዜ ባሕር ዳር፣ ያረፉበት ሆቴል ውስጥ የመዋኛ ገንዳ አይተው መጡና ግቢያቸውን አስቆፈሩ። ሰፈሩ «ጎመን ቢተከልበት ምን ነበረ?» እያለ አማ። እውነቱን ለመናገር ከቤታችን ዋና የሚችል አንድም ሰው የለም። ቢሆንም ገንዳው ነጭ ሴራሚክ ለበሰ፣ ደረጃ ወጣለት፣ ሁሉ ነገር ተሟላለት። ውሃ ብቻ ጎደለው።

የእኛ ሰፈር ቧንቧ እንደ ሩቅ ዘመድ ነው፤ ብቅ ሲል ደስ ይላል እንጂ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። አያ ሞላ ታክቷቸው ጉድጓድ አስቆፈሩ፣ ፓምፕ ተከሉ፣ ውሃ ሲወጣም በራቸውን ለጎረቤት ከፈቱ። ጎረቤትም ወኪሎቹን ላከ። ግቢው ገና የግንባታ ጭቃና ድንጋይ ነበርና፣ ወረፋው ደረቅና ለጥ ያለ ቦታ ሲፈልግ በደረጃው ወርዶ ባዶው ገንዳ ውስጥ ተሰለፈ። አያ ሞላ አልተቆጡም። እንዲያውም የብረት ወንበራቸውን ገንዳው መሃል አስቀምጠው እንደ ዳኛ ይሰየሙ ጀመር። «በቅደም ተከተል! በቅደም ተከተል!» ይላሉ ቀኑን ሙሉ።

አንድ ቅዳሜ መብራት ጠፋ። ፓምፑ ቆመ። ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ጣሳዎቹ ግን አልሄዱም። ደግሞስ ማን ነው ተራውን ትቶ ጣሳውን የሚያነሳ? በዚያ ላይ ያልተጠበቀ ዝናብ ወረደ። መብራቱም እንደ ጠፋ ሰነበተ። አያ ሞላ ገንዳቸውን ሊያዩ ወርደው አንዱን ጣሳ ቢያነሱት ከሥሩ ቡናማ ክብ ቀርቷል። ሌላውን ቢያነሱት ሌላ ክብ። ነጩ ወለል የመሥሪያ ቤት ማኅተም የተረገጠበት ወረቀት መሰለ። በንዴት ጣሳውን ሁሉ ከአጥር ውጭ ወረወሩት፤ ጎረቤትንም ጠሩ።

«ይች የማን ናት?» አሉ አንዱን ክብ እያሳዩ።

«እኔንጃ፣ አያ ሞላ። የኔው ጣሳ ንጹሕ ናት» አሉ እማማ ተዋበች፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው የታችኛው ቤት ሴትዮ ናቸው።

«የኔም ዝገት አያውቀውም» አለች ብርቄ፣ ያዘለችውን ልጅ እያባበለች። የተቀሩትም ሰማይ ሰማይ አዩ።

አያ ሞላ «በረኪና የማያነጣው የለም» ብለው ጠርሙስ ሙሉ አፈሰሱበት። ክቦቹ ጭራሽ ጠቆሩ። በረኪና ዝገትን ያበረታዋል እንጂ እንደማያስለቅቀው ያን ጊዜ ማናችንም አላወቅንም። ያኔ ማሉ፦ «ሚካኤልን! ይህ እድፍ ካልለቀቀ በሬ ለውሃ አይከፈትም!»

የሚቀልዱ አልነበሩም። ከዚህ በር ሌላ ያለው ውሃ ቁልቁል ወርዶ ወንዙ ነው። የእማማ ተዋበች ጉልበት ደግሞ መውረዱን ቢችል እንኳ ተሸክሞ መውጣቱን አይችልም።

እኔ አንድ ነገር አውቅ ነበር። የትምህርት ቤት ሸሚዜ ሽቦ ላይ ሲሰጣ የዝገት መስመር ይይዘዋል፤ እናቴ በሎሚ አሽታ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፣ ይለቃል። ይህን ለመናገር ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁ። መናገሩ ቢያቅተኝ፣ ሰው በሌለበት ወደ ገንዳው ወርጄ የአንዱን ክብ ግማሽ በሎሚ አሸሁት፣ ትንሽ ቆይቼም በውሃ አለቀለቅሁት። ሙሉ የነበረው ክብ ማጭድ ሆነ። ወደ ቤት ሮጬ «አያ፣ ይምጡ» አልኩ። የቀረውን ሎሚው ተናገረ።

«ምነው እስከ ዛሬ ዝም አልሽ?» አሉኝ። ሌላ ሎሚ ቆረጥኩ።

ይሁን እንጂ ክቡ ብዙ፣ እጃችን ጥቂት ነበር። በዚህ መሃል መብራት መጣ። ፓምፑ ሲያጓራ ሰፈሩ ጀሪካኑን ይዞ በሩ ላይ ተሰበሰበ። ማን ይቅደም? ጣሳዎቹ ተወርውረው ተራው ጠፍቷል። ጭቅጭቁ ሲጦፍ አያ ሞላ ሊገሥጹ በሩን ገርበብ ቢያደርጉት ሰው ሁሉ ገባ፤ እማማ ተዋበችም በደረጃው ቀስ ብለው ወረዱና የመጀመሪያው ክብ ላይ ቆሙ።

«ይች የኔ ናት!»

«ምነው እማማ፣ የኔ አይደለችም ብለው አልነበር?» አለች ብርቄ።

«ለእድፉ ነው እንጂ፣ ለወረፋው መች አልሁ?»

ብርቄ ሳቀችና ሁለተኛው ላይ ቆመች። ከዚያ ሁሉም ወርዶ በየክቡ ላይ ቆመ። አባት የለሹ እድፍ በአንድ አፍታ ባለቤት አገኘ። አያ ሞላ ከላይ ሆነው አዩ፣ ፂማቸውን አሹ፣ «ሸጋ!» አሉ። «ክቡ የኔ ነው ያለ ሎሚ ይዞ ይምጣ። ያስለቀቀ ይቀዳል።»

ያን ቀን ገንዳው ሎሚ ሎሚ ሸተተ። እማማ ተዋበች መንበርከክ ስለማይችሉ የእርሳቸውን እኔ አሸሁላቸው። እርሳቸው ቆመው «ወደ ግራ፣ ልጄ፤ እሰይ!» ይሉኛል። ክቦቹ አንድ በአንድ ጠፉ። ወለሉ በውሃ ሲታጠብ ግን መሃል ላይ አራት ነጠብጣቦች ቀሩ።

«አራት እግር ያለው ጣሳ ደግሞ የማን ነው?» አለች ብርቄ።

ሁላችንም ወደ ብረት ወንበሩ ዞርን። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚለውን ተረት ማንም አፍ አውጥቶ አልተናገረውም፤ ግን የተሰማ መሰለኝ። እማማ ተዋበች የቀራቸውን ግማሽ ሎሚ ወደ አያ ሞላ ዘረጉ።

«እንግዲህ በቅደም ተከተል፣ አያ ሞላ።»

አያ ሞላ ሱሪያቸውን ሰብስበው ተንበረከኩ። በሩም ተከፍቶ ቀረ።

ገንዳው በመጨረሻ ሲሞላ ዙሪያውን ቆመን እንደ አራስ ልጅ አየነው እንጂ የገባ አልነበረም። መብራቱ እንደ ልማዱ ሲጠፋ አያ ሞላ «ለልብስ ይሆናል፣ ቅዱ» አሉ። ጣሳዎቹ ተመልሰው ጠርዙ ላይ ተሰለፉ፤ አሁን ግን እያንዳንዱ ከሥሩ አሮጌ ነጠላ ጫማ ተነጥፎለታል። ሲቀዳ ሲቀዳ ውሃው ወርዶ ወርዶ ጉልበት ላይ ደረሰ። አያ ሞላ ትንሽ ከፋቸው። እኔ ግን ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ጥልቅ ውሃ እፈራለሁ፤ ጎረቤቶቼ እየቀዱ በልኬ ሠሩልኝ።