ለሳሎን የምትሆን ብርሃን

የሰው ልጅ የሚያዋርደው ጨለማ ይመስለዋል። ተሳስቷል! ጨለማማ ስንቱን ጉዳችንን ሸፍኖልናል… የሚያዋርደን ከልክ ያለፈ ብርሃን ነው። ካላመናችሁኝ ለልጄ ሽማግሌ የመጣ ዕለት እኔ ቤት መገኘት ነበረባችሁ።

እዚህ ደባርቅ መብራት ማለት ጠባዩ የከፋ ዘመድ ነው። ሲመጣ በእልልታ እንቀበለዋለን፤ ሲሄድ ግን ደህና ሁኑ እንኳ አይልም። በዚህ ተማርሬ፣ ለሱቄ ዕቃ ላመጣ ጎንደር የወረድኩ ጊዜ አንዲት ባትሪ ገዛሁ። ባትሪ ስላችሁ ያቺን የፕላስቲኳን እንዳታስቡ። ይቺ ጥቁር፣ ወፍራም፣ በአፏ ዙሪያ ጥርስ ያበቀለች ብረት ናት። ሻጩ፣ “ታክቲካል ትባላለች፤ ወታደር ነው የሚይዛት” አለኝ።

“ለቤት ትሆናለች?”

“ለቤት? ለወረዳ ትበቃለች እንጂ!”

ከዚያ ሉመን ስለሚባል የብርሃን መለኪያ ብዙ አስረዳኝ። እኔ የማውቀው ሎሚን ነው፤ ቢሆንም የገባኝ መስዬ ራሴን እየነቀነቅሁ ከሁሉም ኃይለኛዋን መረጥኩ። እስቲ እናንተ ፍረዱ፣ ሰው ብርሃን ሲገዛ ትንሹን ይመርጣል?

ሽማግሌዎቹ የመጡት ከዳባት ነው። የሚጠይቁት በኩር ልጄን ሰላምን ነው። ልጁ እዚሁ ተራራው ላይ ባለው ፓርክ ውስጥ ቱሪስት የሚያስጎበኝ ጨዋ ነው ይባላል። ‘ይባላል’ ማለቴ እኔ በዓይኔ ስላላየሁት ነው። ባለቤቴ ጥሩወርቅ ሳምንቱን ሙሉ ግድግዳ ስታስቀባ፣ የሶፋ ልብስ ስታጥብ ከረመች። የመጡት ሁለት ናቸው፦ አንደኛው ጥምጥማቸው ከሩቅ የሚታይ የድጓ መምህር፣ መሪጌታ፤ ሁለተኛው የልጁ አጎት፣ አያ ካሳ።

“ቤቶች!” ብለው እግራቸውን እንዳስገቡ… ድርግም! መብራት ሄደ። ውጭውን ደግሞ ጉም ውጦታል፤ ገና በጊዜው ቤቱ ድቅድቅ አለ።

“ፋኖሱን ላምጣ?” አለች ጥሩወርቅ።

“ፋኖስ? እኔ እያለሁ?”

ባትሪዬን ከኪሴ መዝዤ ወደ እንግዶቼ አነጣጠርኩና ተጫንኩ።

እናንተዬ! ፀሐይ ሳሎን ገባች። መሪጌታ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው፣ “እግዚኦ! የደብረ ታቦር በዓል ዛሬ ነው እንዴ?” አሉ። አያ ካሳ ወደ ኋላ ሲሸሹ ከቁም ሳጥኑ ጋር ተላተሙ፤ “ይቅርታ እመቤቴ፣ አላየሁዎትም” ብለው ቁም ሳጥኑን እጅ ነሱ።

“ቀንሰው አንተ ሰው!” አለች ጥሩወርቅ።

ቀነስኩ። አሁን ደግሞ ብርሃኑ ከሲጋራ ጫፍ አነሰ። ሁላችንም ለቅሶ ቤት የተሰበሰብን መሰልን። “ኧረ ቁጭ በሉ፣ በሞቴ!” ብዬ ለመንኩ። በወጉ ቢሆን ‘ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም’ ማለት ነበረባቸው፤ ግን ዓይኑ የጠፋበት ሰው ወግ ከየት ያምጣ? መሪጌታ ዳብሰው ሶፋውን አገኙ። አያ ካሳ ዳብሰው መሪጌታን አገኙ… ተቀመጡባቸውም።

“አያ ካሳ፣ ይሄ እኮ እኔ ነኝ።”

“እኔስ ሶፋው ምነው ይተነፍሳል እያልኩ!”

ከጓዳ የሰላም ሳቅ አፈተለከ። በድንጋጤ አሁንም ተጫንኩ። ምነው እጄን በቆረጠው! ባትሪዋ አበደች። ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም… መሪጌታ አንዴ ብልጭ ሲል ቁጭ ብለዋል፣ አንዴ ብልጭ ሲል ቆመዋል፤ መቼ እንደተነሡ ያየ የለም። አያ ካሳ በብርድ ይሁን በድንጋጤ ይንቀጠቀጣሉ፤ በዚያ ብርሃን ግን ወገባቸውን ይዘው እስክስታ የሚመቱ ነው የሚመስሉት። ገና እሺ ሳይባል ሠርጉ ተጀመረ!

“አጥፋው!” አለች ጥሩወርቅ።

“አልጠፋ አለኝ!”

“እንግዲያው ተቀመጥበት!”

ተቀመጥኩበት። ብልጭታው አሁን ከእኔ ሥር ይወጣ ጀመር… ይሄን በዝርዝር አላወራችሁም።

መሪጌታ መቋሚያቸውን አነሡ። ድምፃቸው ውስጥ ጨዋታ የለም። “አቶ ፈንታሁን፣ ‘ልጄን አልሰጥም’ ማለት ነውር የለበትም፤ በአፍ ይነገራል። ሽማግሌን እንደ ጅብ በእሳት ማባረር ግን ባገራችን ታይቶ አይታወቅም።”

ሽማግሌ ተቀይሞ ከቤቴ ከወጣ፣ እነሱ ዳባት ሳይደርሱ ወሬው ቀድሞ አምባ ጊዮርጊስ ይገባል። ከዚያ በኋላ የኔን በር ማን ያንኳኳል? ልጄ በኔ ባትሪ ቆማ ልትቀር ነው!

“መሪጌታ፣ በመድኃኔዓለም! እኔ አላባረርኩም… ማጥፊያው ጠፍቶኝ ነው!”

ይሄኔ ሰላም ከጓዳ ወጣች። ሳትጠራ መውጣቷ ከወግ ውጪ ነው፤ ግን በዚያች ቤት የቀረ ወግ አልነበረም። ከሥሬ ባትሪዋን መንጭቃ ቁልፏን ጫን አድርጋ ያዘችው። እብደቱ ቆመ። ነካ ነካ አደረገችና መካከለኛው ላይ ስትደርስ፣ ባትሪዋን ባዶ ብርጭቆ ውስጥ አቆመቻት፤ አፏን ወደ ኮርኒሱ።

ቤቱ ቀስ ብሎ ነጋ። ዓይን የማይወጋ፣ የሁሉንም ፊት የሚያሳይ ልስልስ ያለ ብርሃን! አያ ካሳ እጅ የነሱትን ቁም ሳጥን አዩና አቀረቀሩ። መሪጌታ መቋሚያቸውን አስደግፈው ተመልሰው ተቀመጡ። ልጄን አየት አደረጓት፤ ፊታቸው ፈታ አለ።

“ልጅቱ እቺ ናት?”

“እሷው ናት፣ መሪጌታ” አልኩ፣ ነፍሴ መለስ ብላ።

“ተባረኪ! ይሄን ጥበብ ከወዴት ተማርሽው፣ ልጄ?”

ሰላም ደስ ብሏት፣ “እሱ ነው ያሳየኝ። ድንኳን ውስጥ ሲሆን ወደ ላይ ነው የሚደረገው ብሎ…” አለችና አፏን በእጇ ያዘች።

ጥሩወርቅ ኮርኒሱን ትመረምር ጀመር። አያ ካሳ ሳል ያዛቸው።

“የቱ ድንኳን?” አልኩ። “የምን ድንኳን ነው፣ ሰላም?”

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ክንዴን ያዝ አድርገው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ “አቶ ፈንታሁን፣ እቺን ነገር እንኳ በትንሹ ብርሃን ብናያት ይሻላል” አሉኝ። “ይልቅ የሠርጉን ቀን እንቁረጥ።”

ቆረጥን። ቶሎም አደረግነው።