መምህር በርናባስ፣ ሁለቱ ማሽኖችና የኔ ፍየል

በየሰፈሩ ገበያ ወጥቶ ዕውቀት ብቻ ሸምቶ የሚመለስ አንድ ሰው አይጠፋም። ዘንቢሉ ባዶ ነው፤ ጭንቅላቱ ግን ሞልቷል። የሽንኩርቱን ዋጋ፣ የነጋዴውን ጠባይ፣ ያለፈው ዓመት ሽንኩርት ከዘንድሮው በምን እንደሚለይ ሁሉ ያውቃል። "ታዲያ ሽንኩርቱ የታለ?" ሲሉት ገና ፊደል እንዳልቆጠረ ሕፃን ያያቸዋል። እኔ እንዳየሁት የዓለም ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ የሚገዛና የሚያወዳድር። የሚገዛው ይበላል። የሚያወዳድረው የሚበላው ሚስቱ ቀድማ ከገዛች ብቻ ነው።

የኛ ሰፈር አወዳዳሪ ክቡር መምህር በርናባስ ነው። "ክቡር" ያልሁት ስለሚገባው ነው፤ "ናቸው" ያላልሁት ደግሞ በዕድሜ ልጄ ስለሚሆን ነው። ዕድሜውን ሙሉ አስተምሮ ጡረታ ወጥቷል። ጠመኔውን አስቀመጠ፤ ሚዛኑን ግን አላስቀመጠም። ሲነሳም ሲቀመጥም የሚላት አንዲት አባባል አለችው፦ "ሁለት ሳያዩ አንድ አይያዝም።"

እግዜር አርባ ምንጭን ሲፈጥር እሱን ሳያስብ አልቀረም። ሐይቁን ሁለት፣ ከተማውን ሁለት አድርጎ፣ ላይ ሴቻ ታች ሲቀላ ብሎ ሰጠው። አንድ ቅዳሜ ዓሣ ሊገዛ ወጣ።

"የአባያ ነው የጫሞ?"

"የጫሞ ነው።"

"የአባያም ይምጣና ጎን ለጎን ልያቸው።"

የአባያው እስኪመጣ የጫሞው ተሸጠ። ሌላ የጫሞ እስኪመጣ የአባያው ሸተተ። ባለቤቱ ሸዋነሽ ዘይት አግላ ስትጠብቅ፣ እሱ ባዶ እጁን መጥቶ የአንዱ ሐይቅ ውሃ ለምን እንደሚቀላ አስረዳት። ያን ቀን ሽሮ በሉ።

ጃንጥላም እንዲሁ ነው። ጥቁሩንና ባለአበባውን ሲያወዳድር ክረምቱ ወጣ። ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ "አየሽ እማማ፣ ብገዛው ኖሮ ከስሬ ነበር" አለኝ።

አንድ ጊዜ ቢቸግረኝ፣ "ሸዋነሽን ስታገባ ከማን ጋር አወዳደርሃት?" ብዬ ጠየቅሁት። አንገቱን ደፋ።

"እማማ፣ ለማወዳደር እኮ ሁለት ያስፈልጋል" አለ።

ሸዋነሽ ጓዳ ሆና ሰምታለች። ያን ሳምንት የጃንጥላውን ነገር አላነሳችበትም።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው ሲቀላ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቶ "ካናቴራ ላይ ሥዕልና ጽሑፍ አትማለሁ" ብሎ የተነሳው። ሐሳቡ ግሩም ነው። በኛ ከተማ ዛሬ ያለ ካናቴራ የሚሆን ነገር የለም። ልጅ ሲመረቅ ፎቶው በዘመዶቹ ደረት ላይ ይወጣል፤ ሰው ሲሞት ፊቱ በለቀስተኛው ደረት ላይ ይወጣል። ለሠርጉም፣ ለማኅበሩም፣ ለጋሞ መስቀል ለዮ ማስቃላም እንደዚያው። ሥዕሉን በኮምፒውተር የምታዘጋጅለት የልጅ ልጄ መቅደስ ናት፤ ተምራበታለች። የቀረው ማሽን መግዛት ብቻ ነበር። "ብቻ" ብዬ ስጽፍ ራሴ ሳቅሁ።

ማሽኑ ሁለት ዓይነት ሆኖ ተገኘ።

አንዱን እኛ ቤት "ለጣፊው" እንለዋለን። ሥዕሉን መጀመሪያ ልዩ ወረቀት ላይ ያትመዋል። ከዚያ እንደ ካውያ የጋለ መጫኛ ወረቀቱን ካናቴራው ላይ ይጫነውና፣ ወረቀቱ ሲላቀቅ ሥዕሉ ተለጥፎ ይቀራል። ዋጋው ቀለል ያለ ነው፤ ጨርቅም ብዙ አይመርጥም። ሌላው "ቀጥታው" ነው። ካናቴራው ራሱ እንደ ወረቀት ይገባለትና ቀለሙን ክሩ ውስጥ ይረጨዋል። እሱ ውድ ነው፤ የሚወደውም ጥጥ ነው። ካናቴራው ጥቁር ከሆነ ደግሞ ቀድሞ መድኃኒት ይቀባልኝ ይላል።

ሌላ ሰው ቢሆን ኪሱን አይቶ አንዱን ይገዛል። መምህር በርናባስ ግን የራሱን ፎቶ አዲስ አበባ ልኮ፣ በሁለቱም ማሽኖች በሁለት ነጭ ካናቴራ ላይ አሳትሞ አስመጣ። ከዚያ ሁለቱን በርናባሶች ይዞ እኔ ዘንድ መጣ።

"እማማ፣ እጠቢልኝ። ለፍትሕ ሲባል በአንድ ውሃ፣ በአንድ ሳሙና።"

አጠብኋቸው። እንደገና አመጣቸው፤ እንደገና አጠብኋቸው። በግቢዬ ገመድ ላይ ሁለት በርናባሶች ጎን ለጎን ተሰጥተው፣ መንገደኛውን በፈገግታ ሲያዩ ከረሙ። አንድ ቀን ጠርቼው፣ "ና ራስህን እይ። በለጣፊው አፍንጫህ መላጥ ጀምሯል፤ በቀጥታው ደግሞ ገርጥተሃል" አልሁት።

ሁለቱን ፊቶቹን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። "መገርጣት ወግ ነው፤ ሰውም ይገረጣል። ግን የለቅሶ ካናቴራ ቢሆንስ? እናት የልጇን ፊት ስታጥብ እጇ ላይ ቢላጥባት?" አለ።

ልቤ ተነካ። ወሰነ ብዬ ነበር። እሱ ግን በማግሥቱ ለጣፊውን ለብሶ በቀትር ከሲቀላ ሴቻ በእግሩ ወጣ። ሲመለስ ላብ በላብ ሆኖ ነው። "ደረቴ ላይ ሌላ ሰው አዝዬ የወጣሁ መሰለኝ" አለ። በሚቀጥለው ቀን ቀጥታውን ለብሶ ወጣ፤ ምንም አልተሰማውም። ነገር ግን ሰማዩ ደመና ነበርና "ፈተናው ፍትሐዊ አይደለም" ብሎ እኩል ፀሐይ እስኪወጣ መጠበቅ ጀመረ።

ዕቃውን ከአዲስ አበባ ሊያስመጣለት የተስማማው የሲቀላው ጅምላ ነጋዴ ሙደሲር ነው። ትዕግሥተኛ ልጅ ነው፤ እሱም ግን ሰው ነው።

"ጋሼ፣ አንዱን በለኝና ላስጭነው።"

"ቀጥታው ሥራ ካጣ ይታመማል ይላሉ፤ እውነት ነው?"

"እውነት ነው። ነጩ ቀለም በሚረጭበት አፍንጫው ላይ ይደርቃል። እንደ ላም በለው፤ በየቀኑ ካልታለበ ይታመማል።"

"ለጣፊውስ?"

"እሱ ፍየል ነው፤ እንዳገኘ ይኖራል። ወላሂ ጋሼ፣ አንተ እስክትወስን ፋብሪካው ሦስተኛ ዓይነት ይሠራል።"

"ሦስተኛ አለ እንዴ?" አለና ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

እስከዚህ ድረስ እኔም ከሰው ጋር ስቄያለሁ። ሳቄ የቆመው መቅደስ አንድ ጠዋት አጠገቤ መጥታ ስትቀመጥ ነው።

"እማዬ፣ አዲስ አበባ ያሉት የአጎቴ ልጆች ማተሚያ ቤት ሥራ አግኝተውልኛል። ለጋሽ በርናባስም ነግሬዋለሁ፤ እስከ መስቀል ካልወሰነ፣ በዓሉን አሳልፌ አብሬያቸው እሄዳለሁ።"

የኛ መስቀል እንዲህ ነው። ከየአገሩ ሰው ሰብስቦ ያመጣልናል፤ ሲመልሰው ግን አንድ ሁለት ሰው ጨምሮ ነው። ልጅቷን "አትሂጂ" ማለት አልቻልሁም፤ ሥራ ፈትታ ደጃፌ ላይ እንድታረጅ አልፈልግም። ግን በቤቴ ከእኔ ሌላ የሚተነፍሱት እሷና ፍየሌ ብቻ ናቸው። ከፍየሏ ጋር ደግሞ ብዙ ወሬ የለንም።

ከሸዋነሽ ጋር መከርንና ሽማግሌ ልንልክበት ተስማማን። በጋሞ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከተንበረከከ እንቢ አይባልም። ጦር የመዘዘ እንኳ ያን ሣር ተራምዶ አያልፍም። አቶ ዳልጮ የሚባሉ የተከበሩ ሽማግሌ ከጨንቻ ለዘመድ ጥየቃ ወርደው ነበርና ሄደን ነገርናቸው። ተቆጡ።

"ይህ ሣር የደም ነው። ለካናቴራ አይነሳም!"

"አባታችን፣ ደም ሊፈስ እኮ ነው" አለች ሸዋነሽ።

"የማን ደም?"

"የበርናባስ።"

ፊቷን አዩትና፣ "እንደሱ ከሆነ ይነሳል" አሉ።

ሁለት ሽማግሌዎች ጨምረው መጡ። በርናባስ በሩን ሲከፍት ሦስቱም ሣራቸውን ይዘው ተንበረከኩ። ሰውየው ክፉኛ ደነገጠ። "ተነሱልኝ አባቶቼ! በምን ዕዳዬ!" እያለ ክንዳቸውን ይዞ ይለምናል፤ እነሱ "መልስ ሳትሰጠን አንነሳም" ይላሉ። በመሐል ዓይኑ ሣሩ ላይ አረፈ። የፈራሁት ደረሰ።

"አባታችን፣ ይህ ሣር ከጨንቻ የመጣ ነው ወይስ እዚሁ ታች የተነቀለ?"

ሸዋነሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አቶ ዳልጮ ግን አልተንቀሳቀሱም። በመጨረሻ በርናባስ ሣሩን በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ "ይህ ሣር ሳይደርቅ እወስናለሁ" ብሎ ቃል ገባ። መረቁትና ሄዱ። እኛም ደስ አለን። በአርባ ምንጭ ፀሐይ የተነቀለ ሣር ስንት ቀን ይቆያል?

ብዙ ይቆያል። ለካ ሰርዶ ኖሯል። መምህር በርናባስ በባዶ የዘይት ቆርቆሮ አፈር ሞልቶ ተከለው፤ ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጣው። ሣሩም ሥር ሰደደ።

"በርናባስ፣ ምን ማድረግህ ነው?" አልሁት።

"ቃሌን እየጠበቅሁ ነው እማማ። አልደረቀም እኮ!"

ነገሩ ተሰማ። ባጃጅ ነጂዎች ሳይቀሩ በደጁ ሲያልፉ "መምህር፣ ሣሩ እንዴት አደረ?" ይሉት ጀመር። እሱም ኮስተር ብሎ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ለምልሟል" ይላቸዋል። አቶ ዳልጮ መጥተው ቆርቆሮውን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። "በሣር ባለ ደም አስታርቄያለሁ። ሣሬን አትክልት ያደረገ ሰው ግን ዛሬ አየሁ" አሉ።

መስቀል መጣ፤ የአጎቷ ልጆች መጡ፤ ተበላ፣ ተጨፈረ። ሊመለሱ አንድ ቀን ሲቀራቸው መቅደስ ሻንጣዋን ሞልታ በራችን ላይ አቆመችው። ወጥቼ ጎረቤታችን በርናባስ ደጅ ላይ ያለውን ቆርቆሮ አየሁት። ሣሩ ዘር ሊይዝ ምንም አልቀረው።

ያን ዕለት ፍየሌ ተፈታች። ገመዱን ማን እንደፈታው አላውቅም፤ እኔ የማውቀው ቋጠሮዬ ጠንካራ መሆኑን ነው። የሁሉንም ደጃፍ አልፋ በቀጥታ ወደ ቆርቆሮው ሄደች፤ ሰው ደርሶ ሲይዛት የቀረው አፈሩ ብቻ ነበር።

ጎረቤቱ ተሰበሰበ። አቶ ዳልጮ ተጠሩ። በርናባስ ባዶውን ቆርቆሮ ታቅፎ ተከራከረ።

"እኔ ያልሁት ሳይደርቅ ነው። ሣሩ አልደረቀም፤ ተበላ። መድረቅና መበላት ይለያያሉ።"

"እውነትህን ነው፤ ይለያያሉ" አሉ አቶ ዳልጮ ረጋ ብለው። "ሣሩ አሁን ፍየሏ ሆድ ውስጥ ነው፤ እዚያ ውሃ አታጠጣውም። ታገስ፤ እስከ ነገ ይወጣል። በፀሐይ ሲደርቅም ቆመን እናየዋለን።"

ግቢው በሳቅ ተናጋ። በርናባስ ግን አልሳቀም። ዓይኑ በራችን ላይ የቆመው ሻንጣ ላይ ነበር።

"ቀጥታው ይምጣ" አለ።

ሳቁ ቀጥ አለ። "ምን አልህ?" አለች ሸዋነሽ።

"ቀጥታው! ለጣፊውን ሳምንት ጥለውት ቢሄዱ ምንም አይልም። ቀጥታው ግን በየቀኑ የሚነካው ሰው ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ በኮምፒውተር እጄ አይታዘዝም።" ወደ መቅደስ ዞረ። "አንቺ አዲስ አበባ ከሄድሽ አፍንጫው ይዘጋል፤ እወቂው።" ከዚያ ወደኔ ቀረብ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እማማ፣ ማሽን ብቻ የማወዳድር መስሎሽ ነበር? የትኛው እንደሚያስቀራትም ሳስብ ነው የዘገየሁት።"

መቅደስ ቀደመችኝ።

"ጋሼ፣ ላም አላቢ ልታደርገኝ ነው?"

"ባለቤት ነው የማደርግሽ። እኩል።"

ሻንጣዋን አነሳች። "ሙደሲር ጋ አሁኑኑ ደውል። ስልኩን ከሌላ ስልክ ጋር ማወዳደር ከጀመርህ ግን ሻንጣውን መልሼ አወጣዋለሁ" አለችውና ይዛው ወደ ቤት ገባች።

ከተማው አሁንም ይስቅበታል። ይሳቅ። እኔ ፊደል የቆጠርሁት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ፣ በማታ ትምህርት፣ በእሱ እጅ ነው። ጣቶቼ ጥጥ መፍተል እንጂ እርሳስ መያዝ አያውቁም ነበር። ስሳሳት ልጆቼ እንኳ ይቸኩሉብኝ ነበር። እሱ ግን ሁለት ፊደላት ጎን ለጎን ጽፎ አጠገቤ ይቀመጥና፣ "አይቸኮልም እማማ፤ ደህና አድርገሽ እያቸው" ይለኛል። ፋኖሱ ጋዝ እስኪጨርስ አብሮኝ ያያቸዋል። የሚቸኩል ሰው ቢያስተምረኝ ኖሮ ይህን የሚጽፍላችሁ ሌላ ሰው ነበር።

ማሽኑ የመጣው መስቀል ካለፈ በኋላ፣ ገበያው ሁሉ ሌላ ሰው ጋ ከሄደ በኋላ ነው። ምንም አይደል፤ የገና በዓል አለ። መቅደስ በየጠዋቱ ሱቁን ከፍታ "ላሟን ልለብ" ትላለች፤ ማታ ቤት ትገባለች። የመጀመሪያው ሥዕል የማን ይሁን ሲባል በርናባስ ለአንዴም ሳያመነታ "የፍየሏ" አለ። አትመው አመጡልኝ። በነጭ ካናቴራ አንድ፣ በቢጫ አንድ።

"የትኛዋ ታምራለች እማማ?" አለኝ።

በነጩ ላይ ጢሟ ጎልቶ ይታያል። በቢጫው ላይ ደግሞ ዓይኗ ተንኮለኛ ነው፤ ቁርጥ ራሷን ናት። ሁለቱንም አጥቤ ገመዱ ላይ ጎን ለጎን ሰጥቻቸዋለሁ፤ ሲደርቁ አንዷን መርጬ ሌላዋን ለሸዋነሽ እሰጣታለሁ ብያለሁ። ከደረቁ ቆይተዋል። እስካሁን እያየኋቸው ነው።

ፍየሏን ግን አጥብቄ አስሬያታለሁ።