ተራዬን ስጠብቅ የፈረሰው ምሽጌ

ሰው ተራው ሳይደርሰው ይሸነፋል?

እኔ ተሸንፌያለሁ! ያውም በአማቴ። ያውም ገና አማቴ ሳይሆኑ!

ነገሩ በጃንሆይ ጊዜ ነው። (ኮሜንት ላይ ዕድሜዬን የምትጠይቁ፣ ተውኝ።)

ሰበታ አስተማሪ ነበርኩ። ቼዝ ያስተማረኝ አብሮኝ የሚያስተምር አንድ ህንዳዊ ነው። የመከላከያ አሰላለፍ አሳየኝ፦ ወታደሮችህን አንድ አንድ እርምጃ ታስጠጋለህ፣ ንጉሥህን ጥግ ትሸሽጋለህ፣ በቃ ምሽግ!

"ግን የሚመጣብህን እያየህ ቀያይረው" ብሎኝ ነበር።

"ግን"ን ማን ይሰማል!

ጫልቱ የምትባል የሱሉልታ ልጅ ወድጃለሁ። ችግሩ፣ ቡራዩ ያለ አንድ ባለ መኪናም ለጋብቻ ጠይቋታል። አባቷ ባላምባራስ ዲንቃ ደግሞ ሰንጠረዥ፣ የአገራችን ቼዝ፣ ነፍሳቸው ነው። "ብታሸንፋቸው ይወዱሃል" አለችኝ።

ሱሉልታ እነሱ ቤት ከች አልኩ። ባላምባራስ በቀይ ጨርቅ ላይ ደርድረው ይጠብቁኛል።

"አካም ጅርታ ልጄ? ትችላለህ?"

"በሚገባ!"

አንድ ወታደር አስጠጋሁ። እጄን ሰብስቤ ጠበቅኩ።

ፈረሳቸውን አንቀሳቀሱ። ደግሞ አንቀሳቀሱ። ደግሞ ሌላውን!

"ባላምባራስ፣ ተራው የኔ አይደለም?"

"የምን ተራ? ገና ወረራ ላይ ነን!"

ወረራ?! ህንዱ ይሄን አልነገረኝም!

ለካስ በአገራችን ሰንጠረዥ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ ተራ የለም። ሁለታችሁም ትሰለፋላችሁ፤ አንዱ ሲያስፈራራ ሌላው አይቶ ይቀይራል።

በጥድፊያ ምሽጌን ሠራሁ። ንጉሤን ቀኝ ጥግ ከተትኩ። ጦራቸው ሁሉ ወደ ቀኝ ጎረፈ!

ወደ ግራ አሸሸሁት። እሳቸውም ወደ ግራ!

ኮንፊውዝ ሆንኩላችሁ። የቱ የኔ፣ የቱ የሳቸው እንደሆነ ጠፋኝ። ምን ባደርግ ጥሩ ነው? የሳቸውን ፈረስ አንስቼ በገዛ እጄ ምሽጌ ውስጥ አስገባሁት!

"ልጄ፣ እሱ የኔ ነው" አሉ ቀስ ብለው።

ጫልቱ ከጓዳ በር ላይ ሆና አፏን በነጠላዋ ይዛለች።

ከዚያማ መብላት ተጀመረ። ንጉሤን በተራ ወታደር ገደሉት።

ተነስቼ ባርኔጣዬን አነሳሁ። አበቃልኝ፣ ባለ መኪናው ወሰዳት!

ባላምባራስ ግን ወደ ጓዳው ዞሩ። "ጫልቱ! ይሄንን አግቢው። ቤት ውስጥ አያሸንፍሽም!"

ይኸው ተጋባን፣ ወለድን፣ አረጀን። ምርቃት ይሁን ስድብ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ጫልቱን ስጠይቃት ትስቃለች።

እስቲ እናንተ ንገሩኝ፣ ተሞገስኩ ወይስ ተሰደብኩ?